ቦርዱን ምን ገደለው? የአንድ ማቪክ ፕሮ ጊምባል ጥገና

ጊምባል፣ ማለትም የድሮን ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ በሞተር የሚይዘውን ክፍል፣ ለሚጠግን ሰው ሁሉ ብነግረው ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ቦርድ ተቃጠለ ብሎ ሌላ ከመግጠም በፊት ያቃጠለው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱ እዚያው ከተቀመጠ ሁለተኛውም ቦርድ ተረኛ ነው። ደግሞም ቦርድ መቀየር ብሎኑ ሲጠብቅ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ካሊብሬሽኑ፣ ቦርዱን ከሞተሮቹ ጋር ማጣጣሙ ማለት ነው፣ ካልተሠራ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ይሄ ጉዳይ ሁለቱንም ባንድ ላይ ስለሚያሳይ ሳላሳጥር ልጻፈው።

ድሮኑ ማቪክ ፕሮ ነው። የቻይናው ድሮን አምራች ዲጄአይ ይህንን ሞዴል ያወጣው በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ 734 ግራም ይመዝናል፣ ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ሆኖ 4ኬ ቪዲዮ ይቀርጻል። አሮጌ ነው የሚል ይኖራል። ሠርግ ቀራጮች ግን አሁንም ይሠሩበታል፤ እኛ አገር ደግሞ ድሮን ለማስገባት የኢንሳ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ "ተወውና አዲስ ግዛ" ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። እጅ ላይ ያለውን ማዳን ነው የሚሻለው።

ባለቤቱ መገናኛ አካባቢ የፎቶና ቪዲዮ ቤት ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ይዘውት የመጡት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጥር ሊገባ ሲል፤ ለሠርግ ቀራጭ ጥር ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም።

"ልጄ፣ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ስንቀርጽ ባሕር ዛፍ መታና ወደቀብኝ" አሉ። "መብረር ይበራል። ካሜራው ግን አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ሌላ ቤት ወሰድኩት፣ ቦርዱ ነው ብለው ቀየሩልኝ። አሁን ጭራሽ ባሰበት።"

"ጋሼ፣ ምስሉስ ይመጣል?"

"ምስሉማ ይመጣል። ካሜራው ነው የሚንቀጠቀጠው።"

"የወጣውን ቦርድ ጣሉት?"

"ኧረ አለ። በላስቲክ አድርገው ሰጥተውኛል።"

ይቺ መልስ ብዙ ሥራ አቀለለችልኝ። የመጀመሪያው ቦርድ ካለ መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ ማየት ይቻላል። ደንበኞቼን ሁሌም የምለምነው ይሄንን ነው፤ የወጣ ዕቃ ምንም የማይረባ ቢመስላችሁ እንኳ ተቀበሉ፣ አስቀምጡ።

ከባትሪው ጋር አንድ ጊዜ ብቻ አበራሁት፣ ለጥቂት ሰከንድ። ጤነኛ ማቪክ ሲበራ ካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ራሱን ይፈትሽና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይሄኛው ሊነሳ ሞከረ፣ በጎኑ ዘመመ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወዲያው ስልኩ ላይ የጊምባል ሞተር ከአቅም በላይ ተጭኖበታል የሚለው ማስጠንቀቂያ መጣ። እስቲ ልብ በሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነሳው፣ ፒች የሚባለው ሞተርና ጎን የሚያስተካክለው፣ ሮል የሚባለው ሞተር ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ይሠራሉ። ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው፣ ያው የሚባለው ሞተር ግን ድንዝዝ ብሏል። የሚንቀጠቀጥና የሞተ ሞተር ባንድ ጊዜ ካያችሁ ችግሩ አንድ ላይሆን ይችላል። ወዲያው አጠፋሁት፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ ክንፎቹንም ፈታሁ። ጠረጴዛ ላይ ክንፍ የተገጠመ ድሮን አብርቶ መሥራት ጣቴን ቁረጠኝ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ በሙሉ ያለ ኮረንቲ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ይሄን ክፍል ይዘለዋል፤ እኔ ግን የዚህ ጥገና ልብ እዚህ ነው ባይ ነኝ።

ጊምባሉ ውስጥ ያሉት ሞተሮች ሦስት ናቸው፣ ማርሽ የላቸውም፣ እያንዳንዳቸው ሦስት የኮረንቲ መስመር አላቸው። ኮረንቲው ከቦርዱ ተነስቶ ወደ ሞተሮቹ የሚሄደው ፍሌክስ በምንለው እንደ ወረቀት በሚተጣጠፍ ስስ ሪባን ነው። ያቺ ሪባን በክንዶቹ ውስጥ እየተጠማዘዘች ታልፋለች፣ ካሜራው በዞረ ቁጥርም አብራ ትታጠፋለች። ድሮን ሲወድቅ ክንዱ ከሚፈቀድለት በላይ ይጠመዘዛል፣ ፍሌክሱ ይጎተታል፣ ከዚያ ወይ ይበጠሳል ወይ ጫፉ ይቀደዳል። የተበጠሰ ፍሌክስ ቶሎ ይታወቃል። ተንኮለኛው ግማሽ የተቀደደው ነው።

በቴስተር የምለካው እንዲህ ነው። የአንድ ሞተር ሦስት መስመሮች እርስ በርስ ሲለኩ ጥቂት ኦም ያሳያሉ፣ ሦስቱም ጥንድ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ከተለየ ወይ መስመር ተበጥሷል ወይ ጥቅሉ ተጎድቷል። ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር ከግራውንድ (ከኮረንቲው መመለሻ መስመር) ጋር እለካለሁ፤ እዚያ ምንም መነካካት መኖር የለበትም።

የፒቹና የሮሉ ሞተር ደህና ሆኑ። የያው ሞተር ሦስቱ ጥንዶችም እኩል ናቸው። ከግራውንድ ጋር ስለካው ግን ቴስተሩ ጮኸ። ሾርት አለ፣ መነካካት የሌለባቸው መስመሮች ተነካክተዋል። ሞተሩ ውስጥ ነው ወይስ ፍሌክሱ ላይ? ፍሌክሱን ከሞተሩ ለይቼ እንደገና ለካሁ፤ ሞተሩ ንጹሕ፣ ፍሌክሱ ብቻውን ይጮኻል። እንግዲህ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስቀምጠው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ፍሌክሱ የያው ሞተር ክንድ ጋ በሚታጠፍበት ቦታ ጠርዙ ጥፍር በማታህል ስንጥቅ ተቀዷል። ከላይ ያለው የግራውንድ ሽፋን በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፎ ከሥሩ ያለውን የሞተር መስመር ነክቶታል። በዓይን ብቻ የጭረት ምልክት ነው የሚመስለው። ቀደም ብሎ የከፈተው ሰው አይቶት "ቧጭሯል እንጂ አልተበጠሰም" ብሎ ቢያልፈው አይገርምም፣ ምስሉም እየመጣ ነበርና።

ቀጥሎ ላስቲኩ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ቦርድ ለካሁ። የያው ሞተርን የሚነዳው አይሲ (ቺፕ) መውጫው ላይ ከግራውንድ ጋር ሾርት አድርጓል፣ ዙሪያውም ቡናማ ሆኗል። ታሪኩ ተያያዘ። ድሮኑ ወደቀ፣ ፍሌክሱ ተቀደደ፣ የያው መስመር ከግራውንድ ጋር ተገናኘ፣ ቦርዱ ሞተሩን ልንዳ ሲል ኮረንቲው በሙሉ በሾርቱ ሄደ፣ አይሲው ተቃጠለ። ቀጥሎ ሁለተኛው ቦርድ እዚያው ሾርት ያለበት ፍሌክስ ላይ ተሰካ። የቀድሞው ባለሙያ ቦርዱ ሞቷል ያለው እውነቱን ነው። የሞተበት ምክንያት ግን እዚያው ሳይነካ ቀርቷል። ሁለተኛውን ቦርድም ለካሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። መከላከያው ቶሎ ቶሎ ስላቋረጠው ነው የተረፈው ብዬ አምናለሁ። ጋሼ በየቀኑ እያበሩ ቢሞክሩት ኖሮ እሱም አይተርፍም ነበር። እዚህ ላይ ምክሬ፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ የመጣበትን ድሮን "እስቲ አሁንስ" እያላችሁ ደጋግማችሁ አታብሩት።

ፍሌክስ ብቻ ይበቃል ብዬ ከመዝጋቴ በፊት እያንዳንዱን ክንድ በእጄ አዞርኩ። ኮረንቲ የሌለው ጤነኛ ጊምባል በጣት ጫፍ ሲገፉት ያለ ምንም ድምፅ ይሄዳል፣ የተዉት ቦታም ይቆማል። የሮሉ ክንድ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን በጣም ትንሽ ይይዛል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዞረው ይፍቃል። የአሉሚኒየሙ ክንድ በውድቀቱ ትንሽ ጎብጧል፣ የሞተሩ የሚዞረው ክፍልም የቆመውን ይነካል። የጎበጠ ክንድ በፒንሳ ላቅና የሚል አለ። እኔ አልመክርም። ሲቃና ልክ ይመስላል፣ ከሞተሩ ማዕከል ግን በፀጉር ያህል መራቁ አይቀርም፤ ያቺ ፀጉር ደግሞ ቪዲዮው ላይ ሁልጊዜ የምትታይ ንዝረት ትሆናለች።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ፍሌክስና የሮል ክንድ ከነሞተሩ ሆነ። ፍሌክሱ ከዱባይ በሰው ሻንጣ የመጣ አዲስ ነው፤ ክንዱን ያገኘሁት ካሜራው ከተሰበረ ሌላ ማቪክ ፕሮ ነው። ፍሌክስ ሲገዛ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ርካሹና ደህናው በዓይን አንድ ናቸው፣ በእጅ ሲነኩ ግን ይለያያሉ። ወፍራምና ደረቅ የሆነው ካሜራው ሊዞር ሲል እንደ ስፕሪንግ መልሶ ይገፋል፣ ሞተሩም እሱን ለማሸነፍ ሲታገል ይግላል። ለስላሳውን ምረጡ፣ ከመግጠማችሁ በፊትም ከጫፍ ጫፍ ለኩት።

አሁን ወደ ቦርዱ ጥያቄ እንምጣ። የመጀመሪያውን ቦርድ አድነው ወይስ ሁለተኛው ላይ ልቀጥል?

ብዙ ጊዜ መልሴ "የመጀመሪያውን አድኑ" ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሞተሩ ራሱን እንዴት እንደሚያውቅ ማየት ያስፈልጋል። ማርሽ የሌለው ሞተር የት ጋ እንደቆመ በራሱ አያውቅም። አጠገቡ ሆል ሴንሰር የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፣ የማግኔቱን ኃይል ያነባሉ፤ ቦርዱ ንባቡን ወደ ዲግሪ ይተረጉማል። ግን ሁለት ማግኔቶች ፍጹም አንድ አይሆኑም፣ ሴንሰሮቹም የተበየዱበት ቦታ በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዱን ጊምባል ለብቻው ለክቶ፣ ይሄ ንባብ ይሄን ያህል ዲግሪ ነው የሚለውን ሠንጠረዥ ቦርዱ ውስጥ ይጽፋል። ከሌላ ጊምባል የወጣ ቦርድ ስትገጥሙ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እያለበሳችሁት ነው። ቦርዱ ሞተሩ 10 ዲግሪ ላይ ነው ብሎ ኮረንቲ ይልካል፣ ሞተሩ 14 ላይ ነው። ኮረንቲው ባልሆነ ቦታ ይገፋል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቦርዱ ሊያርም ሲሞክር ያልፈዋል፣ ተመልሶ ሲያርም እንደገና ያልፈዋል። የጋሼን ካሜራ ያንቀጠቀጠው አንዱ ይሄ ነው። የያው ሾርት አንድ፣ የማይገጥመው ሠንጠረዥ ሁለት፣ የጎበጠው ክንድ ሦስት። ሦስቱም በአንድ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሥር ነው የመጡት።

እና የመጀመሪያውን ቦርድ ለማዳን የተቃጠለውን አይሲ በሆት ኤር (ሞቃት አየር በሚነፋ መሣሪያ) አንስቶ ሌላ መበየድ ይቻል ነበር። ከተሳካ ሠንጠረዡ እዚያው ስላለ ካሊብሬሽን ላያስፈልግ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ከለከለኝ። አንደኛ፣ አይሲው ሥር ያለው ቦርድ ራሱ በሙቀት ጠቁሯል፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ሠርግ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል፣ ያንን ለጋሼ አላደርግም። ሁለተኛው ይበልጣል፤ የሮሉን ክንድ ከነሞተሩ ስለምቀይር የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ለሮሉ ከእንግዲህ አይገጥምም። ካሊብሬሽን በየትኛውም መንገድ ግድ ከሆነ የመጀመሪያው ቦርድ ብልጫ ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛው ቦርድ ላይ ለመቀጠል ወሰንኩ።

መግጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ጊምባሉ ከንዝረት በሚከላከሉት ጎማዎች ከአፍንጫው ጋር ይያያዛል፤ ጎማዎቹን እያንዳንዳቸውን ጎትቼ አየሁ፣ አንዱ ስለላላ ቀየርኩት። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ወረቀት ላይ ሥዕል ስሎ እያንዳንዱን በቦታው ማስቀመጥ ያዋጣል፣ ምክንያቱም ረጅሙን ባጭሩ ቦታ ብታጠብቁ ከሥሩ ያለውን ሊበሳው ይችላል። የኮኔክተሮቹን ክዳን በጥፍር ሳይሆን በፕላስቲክ መክፈቻ ነው የማነሳው።

ጊዜ የወሰደው ፍሌክሱን ማስተኛት ነው። የማቪክ ፕሮ ካሜራ ቁመት ያለው ምስል ለማንሳት 90 ዲግሪ ዞሮ መቆም ይችላል፤ ስለዚህ ሮሉ ጋ ፍሌክሱ በቂ ትርፍ ያስፈልገዋል። ትርፉ ካነሰ 90 ላይ ሲደርስ ይጎተታል፣ ከበዛ ደግሞ ታጥፎ ክዳኑን ይነካል። ፍሌክሱን በጭራሽ በጥፍር አጥፌ አላጠብቀውም፤ ክብ አድርጌ ነው የምጠቀልለው። ከጨረስኩ በኋላ ካሜራውን በእጄ ሁሉም ጫፍ ድረስ አዙሬ እመለከታለሁ፤ የትም ጋ ተመልሶ መግፋት የለበትም። እሱ ከሆነ በኋላ እንደገና በቴስተር። የያው መስመር ከግራውንድ ጋር? ዝም። ደስ ይላል።

ለካሊብሬሽኑ የተጠቀምኩት ጊትሃብ (የፕሮግራም ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ) ላይ ያለውን ዲጄአይ ፈርምዌር ቱልስ የሚባለውን የፓይተን ፕሮግራም ስብስብ ነው። ድሮን ፈታተው የሚያጠኑ ሰዎች በነጻ የለቀቁት ክፍት ሥራ ነው፤ ከውስጡ አንዱ ፕሮግራም የጊምባል ካሊብሬሽን ትእዛዝ ለድሮኑ ይልካል። እነዚያን ሰዎች ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። እነሱ ባይኖሩ ቦርድ የተቀየረለት ስንት ጊምባል መሣቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። ማወቅ ያለባችሁ ግን ፕሮግራሙ ሁሉም ሞዴል ላይ አይሠራም፤ ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት የናንተ ሞዴል መኖሩን አረጋግጡ።

ትእዛዞቹ ሁለት ናቸው፣ ጆይንት ኮርስና ሊኒየር ሆል። የመጀመሪያው ክንዶቹ የሚደርሱበትን ጫፍና መገጣጠሚያዎቹን በግርድፉ ያገኛል፤ ሁለተኛው የሆል ሴንሰሮቹን ንባብ በዝርዝር ለክቶ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ይጽፋል። በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምሠራቸው። ጠረጴዛዬን በውሃ ልክ አስተካከልኩ፣ የካሜራውን ማሰሪያ ማውለቄን አረጋገጥኩ፣ ድሮኑ ቆሞ ሲሠራ ቶሎ ስለሚግል ከፊቱ ቬንትሌተር አደረግሁ፤ ንፋሱ ካሜራውን እንዳይገፋው ከጅራቱ በኩል ነው። ባትሪው ሙሉ ነው። በካሊብሬሽን መሐል ኮረንቲ እንዲቋረጥ አትፈልጉም።

ካሜራው በዝግታ ወደ አንዱ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ሌላው ሄደ። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛውን መነካካት፣ መደገፍ፣ ስልክ ማስቀመጥ የለም። ሁለቱም ካለቁ በኋላ ድሮኑን አጥፍቼ አበራሁት። ራሱን ፈተሸ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ድምፅ የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። በዲጄአይ ጎ 4 ውስጥ ያለውን አውቶማቲክ የጊምባል ካሊብሬሽንም ጨመርኩ። ይህ የመጨረሻው ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት ነው፤ የቦርድ ቅያሬን ግን ብቻውን አያስተካክልም። ብዙ ሰው እሱን ደጋግሞ እየሠራ "እምቢ አለኝ" የሚለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ድሮኑን በእጄ ይዤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን አዘነበልኩት፤ ካሜራው ከአድማሱ ንቅንቅ አላለም። ሞተሮቹን ጥቂት ቆይቼ በጣቴ ነካሁ፤ ሦስቱም ተመሳሳይ ለብታ አላቸው። አንዱ ብቻውን ቢግል ኖሮ ወይ ፍሌክሱ ይጎትታል ወይ ክንዱ ይፍቃል ብዬ መልሼ እከፍተው ነበር።

የበረራው ሙከራ ጋሼ ራሳቸው ባሉበት፣ መብረር በሚፈቀድላቸው ቦታ ነበር። ቆሞ መንሳፈፍ፣ በዝግታ መዞር፣ በፍጥነት ሄዶ ድንገት መቆም፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ማየት፣ ወደ ቁመት ምስል ማዞር። ቪዲዮውን የተመለከትነው በስልክ አይደለም፤ ስልክ ብዙ ጉድ ይደብቃል። ስቱዲዮአቸው ውስጥ ትልቁ ስክሪን ላይ ከፈትነው። አድማሱ ወደ ግራ በጣም ትንሽ ያዘነብላል፤ ጋሼ ናቸው ቀድመው ያዩት፣ የቀራጭ ዓይን። እሱን አፑ ውስጥ ባለው የሮል ማስተካከያ አረምነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር አልነበረም።

የተቃጠለውን ቦርድና የጎበጠውን ክንድ መልሼ ሰጠኋቸው፣ የተቀደደውን ፍሌክስም ጭምር፤ ስንጥቁን በማይክሮስኮፕ ያነሳሁትን ፎቶም በቴሌግራም ላኩላቸው። ለምን ይሄን ያህል ጊዜ እንደወሰደና ለምን የሠራተኛ ዋጋው ከዕቃው እንደበለጠ የሚያስረዳው ያ ፎቶ ነው። ጥር ሲያልቅ ድሮኑን እንዲያመጡልኝ ነግሬያቸዋለሁ። ሠርግ በሠርግ ላይ ስለሚደራረብ ጎማዎቹንና የፍሌክሱን መታጠፊያ አንድ ጊዜ ከፍቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ ከሌላ ድሮን የመጣው የሮል ሞተርም እዚህ ድሮን ላይ ገና ብዙ ሰዓት አልበረረም።